በአንተ ቁጥር የተቆለፈው

…ድምፅዋን ልትቀዳ ስልኩን ወደ እማዬ አፍ አስጠግተህ፣ የክሊኒኩ ማራገቢያ ድምፅ እንዳይገባበት በፎጣህ ጋርደኸው፣ እሷም… ከዚህ በኋላ ያለውን አላውቅም። አልነበርኩማ። የነገርከኝን ነው እንዳየ ሰው የማስታውሰው።

ወንድምዓለም አዛናው፣ ጤናህ እንዴት ነው? የሐዋሳ አየር ተስማማህ? ሃይሚን ወገቧ ተሻላት? ሕፃኑ ምናለስ ጥርስ አወጣ? እኔ ሙቀቱ ከማንገላታቱ በቀር ደህና ነኝ። ኔትወርክ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ስለሆነው ይህን ወረቀት ሰሊጥ ጭኖ ለሚወጣ ሾፌር እሰጠዋለሁ።

የምሠራበት የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር እንደ አንተ ላፕቶፕ በዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባለው ሲስተም ነው የሚሠራው። የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እያመጣ ቢያስቸግረን ባለቤቱ ደረበ ቀየረው። እዚህ የምንሠራው ሦስታችንም የየራሳችን መግቢያ ስምና ፓስዎርድ አለን። ስትሄድ ሁሉም ያንቺ ነው ብለህ የሰጠኸኝን ፍላሽ ሰካሁት። ሰርጋችሁ ተከፈተ፣ የአባዬ ማሽላ ማሳ ተከፈተ። “እማዬ” የሚለው ፎልደር ግን ላዩ ላይ ትንሽ ጓጉንቸር አለበት። ስነካው ለመክፈት ፈቃድ የለዎትም አለኝ። አንቱ ብሎ ነው የከለከለኝ።

ረስቶት ይሆናል አልኩ። ደግሞ፣ ሰው ረስቶ ይቆልፋል?

ትናንት ፍላሹን ጠረጴዛ ላይ ትቼ ምሳ ወጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ ዘሊካ የደንበኛ መስሏት በራሷ መግቢያ ሰካችው፤ ተከፈተላት። የእማዬን ስም ስታይ ወዲያው ዘግታ ጠራችኝ። ወንድምሽ ለእኔ ነው እንዴ ያወረሰው ብላ ልታስቀኝ ሞከረች፤ ፊቴን አይታ ተወችው። አንድም አልሰማሁም ብላ ማለችልኝ።

ደረበ ሲያስረዳን፣ ፍላሹ የሚይዘው የፋይሉን ባለቤት ስም ሳይሆን ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከአንድ ሺህ ይጀምራል፤ በላፕቶፕህ መጀመሪያ የተመዘገበው ሲስተሙን የጫነልህ ሰው ነው፣ ቀጥሎ አንተ፤ አንድ ሺህ አንድ ሆንክ። እዚህ መጀመሪያ ደረበ፣ ቀጥላ ዘሊካ፤ እሷም አንድ ሺህ አንድ። ለማሽኑ አንተ ማለት ዘሊካ ናት። እኔ አንድ ሺህ ሁለት ነኝ። ከፈለግሽ በእኔ ፓስዎርድ ባለቤትነቱን ላዙርልሽ አለኝ። ቆይ አልኩት።

የምፈራውን ልንገርህ። አምና እማዬ ስታርፍ እኔ አብደራፊ አጨዳ ላይ መኪና አጥቼ ተቀምጬ ነበር። ስሜን ጠርታ እንደሆን ስጠይቅህ፣ አዎ ጠርታሻለች ትለኛለህ፤ ከዚያ ቶሎ ብለህ ስለ ዝናቡ ታወራለህ። ሁልጊዜ ስለ ዝናቡ። ባትጠራኝም አልቀየምህም። ለእኔ አዝነህ ቆልፈኸው እንደሆነም ይገባኛል። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እቆልፈው ነበር።

ፈቃድህን ልጠይቅ ነበር ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት። ግን መልስህ እስኪመጣ ስንት ቀን ነው? ደግሞስ፣ እምቢ ብትለኝ?

ሃይሚን አይዞሽ በልልኝ። ምናለን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ። አማትህን እትዬ የሻረግን እጅ ነስታለች በልልኝ።

ይህን ስጽፍ ዘሊካ በስሟ ገባችልኝ። ማዳመጫውን ከመሳቢያ አውጥታ ሰጠችኝና ወንበሩን ለቀቀች። ሦስት የድምፅ ፋይሎች ናቸው። ደንበኛ አላስገባም አለችኝ። ወጣች፤ በሩንም ከውጭ ዘጋችው።

እህትህ የትናየት
መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.