ሁለተኛው ጉርሻ

ኮልፌ፣ ጥር ፳ ቀን ፲፱፻፷፭ ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? አባባንስ ሳሉ ተዋቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ወፍሬያለሁ።

ድሬሰር መሆኔን ለጎረቤት ስታወሪ፣ ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ዘንድ መሆኑን እንደምትዘዪው አውቃለሁ። አልተቀየምኩሽም። ይልቅ የባለፈውን እሑድ ልንገርሽ።

የሰፈራችን እድር ዓመታዊ ግብዣ ነበር። ገሜዳ የሚባል አናጢ አለ፤ ከበሽታው ድኖ ከሆስፒታል ከወጣ ቆይቷል። ሲሞት የሚቀብረው እንዳያጣ የእድሩ አባል ልሁን ብሎ ጠየቀ። ሰዉ ፈራ። አንድ ሐኪም ቀደም ብለው መጥተው "ምንም አያሰጋም" ብለው ሄደዋል። ማን ይመናቸው! የእድሩ ዳኛ አቶ ፀሐዬ "ምንም የለም ከተባለ አንድ ነገር አለ" ብለው ሰዉን አሳቁት።

እኔ ተነሥቼ ይተላለፋል አልኩ። ጉምጉምታው ሲበርድ ቀጠልኩ። የሚያስተላልፈው መድኃኒት ያልጀመረ ሰው ነው፤ አብረውት ከሚኖሩትም የሚያዙት ጥቂቶች ናቸው። መድኃኒቱን በደንብ የወሰደ አያስተላልፍም። የጎደለ ጣት ጠባሳ ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ በዘርም አይወርድም አልኳቸው። እውነቱን ስላልደበቅኋቸው መሰለኝ፣ ሰሙኝ።

ወጥ ቤቱን የያዙት እትዬ ሸዋገነት ግን ዋዛ አይደሉም። ትሪውን ገሜዳ ፊት አስቀምጠው "ካመንሽበት ከእጁ ጉረሺ!" አሉኝ። እሱ ከእኔ ይልቅ ደነገጠ። ታጥቦ ጠቀለለና አጎረሰኝ። ይኼኔ ራሳቸው እትዬ ሸዋገነት ልማድ ሆኖባቸው "አንድ ያጣላል!" ብለው አያመልጣቸውም? ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ገሜዳ እየሳቀ ሁለተኛውን ሲያጎርሰኝ ወጡ ነጠላዬ ላይ ፈሰሰ። አቶ ፀሐዬ ጠጋ ብለው "ለእኔስ?" አሉ። ዕለቱኑ አባል ሆነ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

እናቴ፣ አባባ እንግዳ ሲመጣባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ዘር ነው። ሰፈሩን አሳምኜ እሳቸውን እፈራለሁ። አንቺ ከወዲሁ ቀስ እያልሽ አስረጃቸው፤ በዘር አይወርድም በያቸው። ጾም ሳይገባ አቶ ፀሐዬ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ እናንተ ይመጣሉ። የመጡበትን ራሳቸው ይናገሩ።

አባባ እምቢ ቢሉም ተመልሰው ይመጣሉ። እነሱ ቢደክማቸው እንኳ እኔ አይደክመኝም።

አምላክ እድሜና ጤና ጨምሮ ያቆይልኝ፤ ምርቃትሽ አይለየኝ።

ደስ ያላት ልጅሽ