የሦስቱ ዓሣዎች ደም

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 1፡30

ለተከበርከው ደብተሬ፣ ለጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነዋሪዎች በሙሉ፣ ለቅርብም ለሩቅም ወዳጅ ዘመድ። ሦስት ዓሣዎቼ ሁለት ቀን እንኳ በቅጡ ሳይዋኙ ዛሬ ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ከቁርስ በፊት በጓሯችን፣ ከጎመኑ ሥር ተፈጽሟል። የዕድር ጥሩንባ አልተነፋም፣ ድንኳንም አልተተከለም። ከለቀስተኛ የመጣችው እማዬ ብቻ ናት፤ እሷም አካፋዋን ቀምታኝ ተመለሰች።

ሦስቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው። ትልቁ አፉን ከፍቶ፣ የገዳዩን ስም ሊጠራ ያሰበ ይመስል። ስሙን እኔ አውቀዋለሁ። ያሲን።

ፖሊስ ድንገት ቢያነብህ እንዳይቸገር፦ ያሲን ማለት ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለ ፎቶ ኮፒ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበርን። እኔ ከዚያ ወጣሁ፣ እሱ 12ኛን ጨረሰ። አሁን እኔ የስልክ ካቨርና ቻርጀር እሸጣለሁ፣ እሱ ኮፒ እያነሳ ከማሽኑ ጎን ዓሣ ያረባል። በትምህርት ያተረፈው ይህንን ነው።

ቅዳሜ ከሱ ነው የወሰድኳቸው። ፌስታል ውስጥ ከነውሃቸው አስሮ ሰጠኝ። ከዚያ ስብከት ጀመረ። ውሃ ምናምን፣ ጀሪካን ምናምን፣ ሁለት ቀን ምናምን። ግማሽ ሰዓት። አልሰማሁትም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ጀርባው ላይ ወረቀት እየለጠፍኩ። «የሚሸጥ። ዋጋ በድርድር።» ወረቀቷን ተሸክሞ መርካቶ ደርሶ ተመለሰ። አንድ የከብት ደላላ ጥርሱን ልይ ብሎት ነበር አሉ።

ዕድሌ ሆኖ ያን ቀን የሰፈራችን የውሃ ተራ ነበር። ከቧንቧው ቀጥታ፣ ትኩስ፣ በረኪና በረኪና የሚሸት ንጹሕ ውሃ በመስታወት ገንዳዬ ጢም አድርጌ ሞላሁላቸው። አየር የምትነፋዋን ሞተር ሰካሁ። ጠጠሩን ሦስቴ አጠብኩ። ምን ጎደለባቸው?

ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው። በወረቀቷ ተናዶ፣ አውቆ የታመመ ዓሣ ሰጠኝ። በጎመኑ ፊት ማልኩ። ሦስት በሦስት።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ሄጄ መርዶውን ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀው በምን ውሃ እንዳስገባኋቸው ነው። መርማሪ ነው እንዴ?  ከንፈሩ ጫፍ ላይ ሳቅ ነበረች። በዓይኔ አየኋት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ሱቅ ውስጥ፣ ገበያ የለም

በቀል እያወጣሁ ነው። ዓሣዎቹ ላይ ጨው? ተሰረዘ። ዓሣዎቹ ምን አደረጉኝ። ኮፒ ማሽኑ ውስጥ በርበሬ? ማሽኑ የአጎቱ ነው። ተሰረዘ።

እማዬ ዓሣ የሌለበትን የመስታወቱን ውሃ ድፋው ትላለች። ሐውልት ነው አልኳት። ሐውልቱ ወባ ያመጣል አለች። አልደፋሁም፤ በስስ ሻሽ ሸፈንኩት። ባየሁት ቁጥር ደሜ እንዲፈላ እፈልጋለሁ።

8 ሰዓት ላይ መጣልኝ። አምባዛ፣ ዓሣ የሚበላው ዓሣ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ማታ 1 ሰዓት

ቦዬ ረግረግ ውዬ መጣሁ። ረግረጉ እስከ ጉልበቴ። መረብ የለኝም፤ የእማዬን ትርፍ አጎበር ከቁም ሳጥን ላይ አውርጄ ሄድኩ። ቄጠማ ላይ ተያዘና አንድ ክንድ ያህል ተተረተረ። ይሄ በኋላ ይታሰብበታል።

ግን ያዝኩት። ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝም፣ ጥቁር፣ ጺማም፣ ዓይኑ ክፉ። ቀን ድንጋይ ሥር ይተኛል፣ ሲጨልም ተነስቶ ጎረቤቱን ይበላል። እንደኔ ነው፤ ወደድኩት። ባጃጁ ውስጥ ባልዲዬን ባቀፍኩ ቁጥር ሾፌሩ አፍንጫውን ይይዛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

አስረከብኩ። ዕርቅ ነው ብዬ። ያሲን ጎንበስ ብሎ ባልዲው ውስጥ ለረጅም ጊዜ አየ።

«ስሙ ማነው?»

«የታይላንድ ንጉሥ። ከአዲስ አበባ ነው የመጣልኝ።»

«ማሻአላህ። ጺሙ ራሱ ከኔ ይበልጣል።»

ፊቴ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው። ንጉሡ በቀጥታ ከድንጋዩ ሥር ገባ። በላዩ ሱልጣና ታልፋለች። ሱልጣና የያሲን ቀይ ዓሣ ናት፤ ሆዷ እንቁላል ይዟል። ከሷ ዘር አውጥቶ ለአጋሮ ካፌዎች ሊያከፋፍል፣ ከዚያ ኮፒውን ትቶ የዓሣ ሱቅ ሊከፍት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይሄንኑ ነው የሚያወራው። እሷ ትትረፍ፤ እኔ የምፈልገው ሦስት ብቻ ነው። ለንጉሡ በመስታወቱ በኩል በጣቴ ሦስት አሳየሁት።

እሁድ፣ ኅዳር 14

ያሲን መንገዱን አቋርጦ መጣ። አንድ ዓሣ አጣሁ ይላል። ሱብሃነላህ፣ አጥንቷም የለ። ምናልባት ድመት ይሆናል አልኩት። ጊንጆ ድመቱ በዝቷል አልኩት። ሲሄድ ባንኮኒው ሥር ገብቼ ሳቅኩ። አንድ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሁለት። ዛሬ ራሴ ሄጄ አየሁ። ገንዳው ሳስቷል። ንጉሡ አይታይም፤ ቀን ይተኛል ይለኛል ያሲን። አዝኖ ነው የሚያወራው። ሻይ አዞልኝ ጠጣን። ሻዩ ጣፈጠኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

ሦስት። ተፈጸመ። ደማቸው ተመለሰ።

ባንኮኒው ሥር ገባሁ። ሳቁ አልመጣም። ምናልባት ቦታው ጠቦኝ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። ለንጉሡ ሦስት ብዬ በጣቴ ባሳየውም፣ እሱ ቁጥር አይችልም። አራተኛዋ ማን ናት?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20። ጠዋት 2 ሰዓት

ያሲን ቦርሳ ይዞ መጣ። ገጠር፣ የቡ፣ አጎቱ ጋ ቡና ለቀማ ደርሷል፤ ሁለት ቀን ይቆያል። ቁልፉን እጄ ላይ አኖረ። ለኔ! ሱልጣናን አደራ አለኝ። ጠዋት አንድ ቁንጣሪ ምግብ። ውሃ ከጎደለ አፋቸው ተከፍቶ ከተቀመጡት ጀሪካኖች ብቻ እንጂ ከቧንቧ እንዳልነካ።

ለምን አልኩት፣ ለወጉ ያህል።

«የቧንቧው መድኃኒት አለው፣ ይገላቸዋል። ሁለት ሦስት ቀን ክፍቱን ሲቆም ይወጣለታል። ነግሬህ አልነበር? ያኔ እጅህ ጀርባዬ ላይ ነበር እንጂ። በል ጋሪዳ፣ ደህና ዋል፣ ባጃጁ ሊሄድብኝ ነው።»

ሄደ። እኔ ቁልፉን ይዤ ቆሜያለሁ።

ወደ ኋላ ገለጥኩህ፣ ደብተሬ። በራሴ እጅ ጽሑፍ፦ ውሃ ምናምን። ጀሪካን ምናምን። ሁለት ቀን ምናምን። ከሥሩ ደግሞ «በረኪና በረኪና የሚሸት ንጹሕ ውሃ»። ብለህ አታስጠነቅቀኝም? ምን ዓይነት ደብተር ነህ?

ስለዚህ ገዳዩ እኔ ነኝ። ንጹሑን ሰው ላይ ደግሞ አምባዛ ልኬበታለሁ። ሱልጣና እዚያ ናት፣ ከነእንቁላሏ፣ ከነያሲን የወደፊት ሱቅ።

ሮጥኩ።

ያው ቀን፣ 5 ሰዓት። ያሲን ኮፒ ቤት፣ እጄ እርጥብ ነው

ሱልጣና አለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ እኔ የማርያም ልጅ፣ ከድንጋጤ የተነሳ። በወንፊት ይዤ በሳፋ አኖርኳት። ከዚያ ንጉሡን ፍለጋ። ድንጋዩን አነሳሁ፣ የለም። ሣሩን ነቀልኩ፣ የለም። ውሃውን በጆግ እየቀዳሁ ባልዲ፣ ድስት፣ የሻይ በራድ ሳይቀር ሞላሁ። ጠጠሩን በጣቴ በረበርኩ። መስታወቱ ደረቀ። አምባዛ የለም። ዘሎ ወጥቶ ይሆን? ኮፒ ማሽኑ ሥር በሆዴ ተሳብኩ። የለም።

ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ ውሃ ጧ አለ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። ለሁለት የተቆረጠ ሰማያዊ በርሜል። ውስጡ ንጉሡ፣ ወፍሮ፣ ጺሙን እያወዛወዘ። ከጎኑ የበርሜሉ ሌላኛው ግማሽ፤ ውስጡ «የጠፉት» ሦስቱ፣ ከነሙሉ አካላቸው። በርሜሉ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። በኔ እጅ ጽሑፍ፦ «የሚሸጥ። ዋጋ በድርድር።» ኮፒ ነው። ኦሪጅናሉን አስቀምጦታል ማለት ነው።

ከሥሩ በእስክሪብቶ፦

«አባ ወረቀት፣ አምባዛን የማያውቅ የጅማ ልጅ የለም። የመጣ ቀን ነው ያወጣሁት። ሦስቱ ያንተ ናቸው፤ እናትህ የመስታወቱን ውሃ አልደፋም ብሏል ብላኛለች፣ እንግዲህ ያ ውሃህ አሁን ደርሷል። በፌስታል አስረህ ውሰዳቸው፣ ፌስታሉን ሳትፈታ መጀመሪያ ውሃው ላይ አንሳፍፈው። ንጉሡን ወደ አገሩ መልሰው። ገንዳዬን በርብረህ ከሆነ ደግሞ እንደነበረ አድርገው።»

እማዬም አለችበት። ስምንት ቀን ሙሉ ሻይ እያጠጣ ያለቅስልኛል። ሱብሃነላህ ይለኛል። እኔን! ዝም ብዬ የማልፈው እንዳይመስለው።

ያው ቀን፣ 11 ሰዓት

ገንዳውን መለስኩ፤ የጎደለውን ከጀሪካን። ሱልጣና ቤቷ ገብታለች፣ ተኮሳትራብኛለች። ንጉሡን ቦዬ ለቀቅኩት፤ ያው ባጃጅ፣ ያው ሾፌር፣ ያው አፍንጫ። ሳይሰናበተኝ ጭቃው ውስጥ ገባ።

ሦስቱ ሐውልቴ ውስጥ ይዋኛሉ። ሆዳቸው ወደ ታች ነው። አሥር ጊዜ አየሁ።

ውሳኔ፦ ያሲን ከየቡ ሲመለስ ይቅርታ እለዋለሁ። ፊት ለፊት ቆሜ፣ ሁለቱም እጆቼ እየታዩት። ኦሪጅናሉን የት እንዳስቀመጠው ግን ሳልጠይቅ አልቀርም።

እና ለታሪክ ይመዝገብ፣ ደብተሬ፣ ሰኞ ጠዋት ትንሽ አጋንኜብህ ነበር። ከሌባ ጣት የማይበልጡ ሦስት ዓሣዎች ናቸው። በቃ። ይህን ያህል የሚያስጮህ ነገር አልነበረም።

ይልቅ እማዬ አልጋ ልታነጥፍ ገብታለች። የተተረተረውን አጎበር ከቁም ሳጥኑ ላይ አሁን እያወረደች…