ስለ አንዲት ዜሮ ለትምህርት መምሪያው ኃላፊ

ለተከበሩ የትምህርት መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የተራዘመ ይሁን እያልኩ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ሳንባዬ በጠመኔ ብናኝ የተለሰነ እኔ መምህሩ እጅ ነስቼ ይህን ግልጽ ደብዳቤ እጽፍልዎታለሁ። በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም፤ ምናልባት ክቡርነትዎ በጣት የማይነካ ነገር ማንበብ ትተው ይሆናል።

አንደኛ፣ ስለ መሣሪያው አመሰግናለሁ። በመመሪያዎ መሠረት ጥያቄው ግድግዳ ላይ ይበራል፣ ተማሪው በስልኩ ኢንተርኔት ገብቶ ከአራቱ ቀለሞች አንዱን ይነካል፣ ማሽኑም እዚያው ደረጃ ያወጣል። ክፋት የለውም፤ እንዲያውም አፋቸውን ከፍተው የማያውቁ ልጆች ሲሳተፉበት አይቼ ደስ ብሎኛል። በክፍሌ ስልሳ አንድ ተማሪና አሥራ ዘጠኝ ስልክ መኖሩን ግን ለመመሪያው አርቃቂዎች የነገራቸው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ጉብኝትዎ። ለዚያ ቀን እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ስልክ ይዞ እንዲመጣ፣ ከአሥሩ ጥያቄ አምስት ያላገኘም ከመጪው ዓመት የሳይንስ ክፍል ዝርዝር እንዲሰረዝ አዘዙ። ትእዛዝ ነውና አባት ከኪሱ፣ አክስት ከቦርሳዋ አወጡ። ከሰሌዳ ፊት አልጠፋ ስላለች ጓደኞቿ «ጠመኔ» የሚሏት፣ እስከ ዛሬ ካስተማርኳቸው ሁሉ የምትበልጥብኝ ልጅም የእናቷን ስልክ ይዛ መጣች። እናትየው የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት፤ ለሥራ የምትጠራው በዚያ ስልክ ነው። በዚያ ቀን ደውለው ስላጧት ተራዋ ለሌላ ተሰጠ።

ክቡርነትዎ ከነአጃቢዎችዎ ገቡ። ፎቶ አንሺው ቦታ ሲያመቻች «እስቲ እኔም ልሞክረው» ብለው ከፊት ወንበር ከተቀመጠችው ከጠመኔ እጅ ስልኩን ወሰዱ። ስም በሚጻፍበት ቦታ ማዕረግዎን ጻፉ፤ ቦታው አልበቃ ብሎ «ክቡር የመምሪያው ኃ» ላይ ተቆረጠ። አሥሩንም ጥያቄ እየሳቁ ነካክተው፣ ውጤቱ ሳይነገር ለሻይ ተነሱ። ልጅቷ ጥያቄ በበራ ቁጥር እጇን ታወጣ ነበር፤ በመመሪያው አንቀጽ ሰባት ግን እጅ ማውጣት ተሳትፎ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ፍርድዎ ፍጥነት። በማግስቱ ዝርዝሩ ተለጠፈ፤ ጠመኔ ዜሮ፣ ተሰርዛለች። ስልኩ በማን እጅ እንደነበር ላስታውስዎ ቢሮዎ ድረስ ብመጣ፣ ጸሐፊዎ ገብታ ወጣችና «ማሽን አይዋሽም ብለዋል» አለችኝ። እናቷም ከነሥራ ልብሷ ትምህርት ቤት መጥታ «መምህር፣ ልጄ ስልኬን ይዛ ሄዳ እንዴት ዜሮ ታመጣለች?» ብላ ጠየቀችኝ። ክቡርነትዎ ስልኩን ሲወስዱ እኔ ዳር ቆሜ አጨብጭቤያለሁ። ያን ጭብጨባ ባሰብኩ ቁጥር እጄን እጠየፈዋለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በዚያው እጄ ነው።

አራተኛና አምስተኛም ነበረኝ፤ ነገር ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድም ትምህርት ሳይነካው ለኖረው የትምህርት ፍቅርዎ ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ ለቀጣዩ ፎቶዎ ክፍሌን ጠርጌ፣ ሰሌዳዬን ወልውዬ፣ ተማሪዎቼንም ስልካቸውን በኪሳቸው እንዲይዙ መክሬ የምጠብቅዎ፣

ከወገቡ የሚጎነበስልዎ የሒሳብ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ማሽኑ እንደማይዋሽ ስለተማመንን፣ የዚያን ቀን ሙሉ ውጤት አትሜ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ለአሥራ አራት ዓመት ልጆች በተዘጋጀው ጥያቄ «ክቡር የመምሪያው ኃ» ከአሥር ሁለት አምጥተዋል። ከአምስት በታች ያመጣ ይሰረዝ ያሉት ራስዎ ነዎትና በቀይ ሰርዤዎታለሁ። የጠመኔ ዜሮ ስልክ ስላልነበራት ነው፤ ክቡርነትዎ ሁለት ያመጡት ግን ስልኳን ይዘው ነው።