ሦስተኛው ጥይት

ጥር 15 ቀን 1957፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሥራ ቤቱን ጠረግሁ። የብረት ብናኝ ከጭቃ ወለል ላይ ቶሎ አይለቅም፤ ውኃ ረጭቼ ሁለት ጊዜ ጠረግሁት። እማየ ገበያ ሄደች። ጌሾ መግዛት ረስታ ተመለሰችና እንደገና ሄደች። ሌላ የሚጻፍ ነገር አልነበረም... እስከ ስድስት ሰዓት።

ስድስት ሰዓት ላይ ግራዝማች ደምለው ከደብረ ኤልያስ በበቅሎ መጡ። ሁለት ሎሌዎች ተከትለዋቸዋል። እኔ ጓዳ ገባሁ። እንግዳ ሲመጣ እግሬ ራሱ ነው የሚወስደኝ። ግን በቀዳዳው አያለሁ።

ከወገባቸው ሽጉጥ አወጡ። ትንሽ፣ ጥቁር፣ የጣሊያን። በጠላት ጊዜ ከአንድ መኮንን ወገብ የፈቱት ነው አሉ። ጥይቱ አጭር ነው፤ አሁን ከገበያ ጠፍቷል። ረጅሙ ጥይት ግን ከወታደር እጅ እንደ ልብ ይገኛል፤ ጉልበቱም ከአጭሩ ይበልጣል።

«ባምላኩ፣ ይኸን ሽጉጥ ረጅሙን እንዲጎርስ አድርግልኝ። የካቲት ሰባት የልጄ የድረስ ሰርግ ነው። ታጥቆት ነው የሚሄድ።»

አባየ ሽጉጡን አገላበጡት። «ጌታየ፣ ይኸ ለአጭሩ የተሠራ ነው...»

«አንተ መሐንዲስ አይደለህም እንዴ?»

አባየን እስከ ዛሬ መሐንዲስ ያላቸው ሰው የለም። ቀጥቃጭ ነው የሚሏቸው፤ ያውም ዞር ሲሉ።

ከዚያ እማየ ለወጉ ያህል መሶብ አቀረበች። የኛ ቤት የብረት ሠሪ ቤት ስለሆነ ሰው አይበላበትም። አሁን በላሁ ይላሉ፣ ሆዴን አሞኛል ይላሉ። ግራዝማች ግን እጃቸውን ታጠቡ። በሉ! ከአባየ እጅ ጉርሻ ተቀበሉ! እማየ ወጥ ጨመረችላቸው። ሎሌዎቹ ውጭ ቆመው በሩን በሩን ያያሉ፤ እነሱ ብሉ ቢሏቸውም እህሉን አይነኩም።

አባየ «እሠራዋለሁ ጌታየ» አሉ። ከጉርሻው በፊት ነው በኋላ? በኋላ ነው። አይቻለሁ።

ጥር 17፣ ሰኞ

ሞረድ ሲጮህ ዋለ። አባየ ጠርተውኝ ሁለቱን ጥይቶች ጎን ለጎን አቆምን። ውፍረታቸው እኩል ነው። አንዱ ብቻ ትንሽ ይረዝማል።

«እኩል ከሆነ ይገባል» አሉ።

አስር ሰዓት ላይ ከሥራ ቤት ጮሁ። «ገባ! የብርጓል፣ ገባ!» እንደ ልጅ ነበር የሚስቁት። እኔም ሳቅሁ።

ጥር 18፣ ማክሰኞ

አባየ ከሰል ሊገዙ ወጥተው ሳለ አስር አለቃ ታረቀ መቀስ ሊያስሞርዱ መጡ። ወታደር ነበሩ፤ ከኮንጎ ከተመለሱ ወዲህ ልብስ ሰፊ ሆነዋል። በብረት መያዣው፣ በሞርሳው ላይ ታስሮ የቆመውን ሽጉጥ አዩት።

«ይኸ የማን ነው?»

አጠገቡ ያለውን ረጅሙን ጥይት አነሡ።

«ረጅሙን ሊያስተኩሱት ነው?»

ራሴን ነቀነቅሁ። መቀሱን አስቀመጡት።

«ስሚኝ የብርጓል። ኮንጎ ሳለን አንድ ጓደኛችን እንዲሁ አሠርቶ ነበር። ጥይቱ ገባ። ተኮሰ፤ አጨበጨብንለት። ሁለተኛ ተኮሰ፤ ሁላችንም ሳቅን። በሦስተኛው የላይኛው ብረት ወደ ኋላ መጣና...» ጉንጫቸውን በጣታቸው ነኩ። «አንድ ዓይኑንና ሦስት ጣቱን ይዞበት ሄደ። ሽጉጡ የተሠራው ለአጭሩ ጉልበት ነው። ጥይቱ ስለገባ ብረቱ ይችለዋል ማለት አይደለም። ለአባትሽ ንገሪያቸው።»

«እሽ።»

«ዛሬውኑ።»

«እሽ።»

«የምትነግሪ አትመስይም» ብለው ሳቁ። «እኔ እንዳልመለስ ነገ ሌሊት ደብረ ወርቅ እሄዳለሁ። የሰርግ ልብስ ስፌት አለብኝ፤ ሁለት ሳምንት አልመጣም። ባንቺ ጥየዋለሁ።»

ባንቺ ጥየዋለሁ... ምነው በሌላ ሰው በጣሉት።

ጥር 19፣ ረቡዕ

አልነገርኳቸውም።

አባየ እየሠሩ ያንጎራጉራሉ። በሥራ ላይ ሲያንጎራጉሩ ሰምቼ አላውቅም። መሐንዲስ ተብለዋል፤ ቤታቸው ተበልቷል። እኔ ምን ብየ ልግባ? አስር አለቃ እንዲህ አሉ ልበል? እሱ ልብስ ሰፊ ነው፣ ምን ያውቃል ቢሉኝስ?

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አባየ ያደሱትን መሣሪያ በገዛ እጃቸው ሦስት ጊዜ ሳይተኩሱ ለባለቤቱ አይሰጡም። አንዱን በአብ፣ አንዱን በወልድ፣ አንዱን በመንፈስ ቅዱስ ብለው። በእጄ ያልሞከርሁትን በሰው እጅ አላስይዝም ይላሉ።

በእጃቸው።

ጥር 20፣ ሐሙስ

ዛሬ የመጀመሪያውን ተኮሱ። ከቤቱ ጓሮ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ወደ ገደሉ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ «በአብ!» ሲሉ ድምፄ የት እንደሄደ አላውቅም። ዓይኔን ጨፈንሁ።

ጮኸ። እንዲያ ያለ ጩኸት ከትንሽ ሽጉጥ! የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተነሣ። ዓይኔን ስገልጥ አባየ ቆመዋል። ሁለት ዓይን። አሥር ጣት። እጃቸውን እያራገፉ «አይ አረጋገጥ! ረገጠኝ እኮ!» ይላሉ፤ ደስ ብሏቸው። የቀሩትን ሁለቱን ማክሰኞ ግራዝማች ባሉበት ሊተኩሱ አስቀመጧቸው።

የተተኮሰውን ጥይት ባዶ ቀለህ መልቀም የኔ ሥራ ነው። ሣሩ ውስጥ አገኘሁት። ገና ይሞቃል። ታችኛው ወገቡ አብጧል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው። ሌላ ቀለህ እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም። ከነጠላየ ጫፍ ቋጠርሁት።

ጥር 21፣ ዓርብ

አስተርእዮ ማርያም። ሥራ የለም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ አባየ እጅ ብቻ ለመንሁ።

ስንመለስ ለእማየ ጀመርሁ። «እማየ፣ ያ ሽጉጥ...»

«በማርያም ቀን የሽጉጥ ወሬ አታምጭብኝ!» አለች። ከዚያ ራሷ ስለ ግራዝማች ስታወራ ቤት ደረስን። ሁለት ጊዜ እንደጎረሱ። ወጡን እንዳመሰገኑ።

ጥር 22፣ ቅዳሜ

ዘዴ መጣልኝ። በወረቀት እጽፋለሁ! ከዚሁ ደብተር አንድ ቅጠል ቀደድሁ። «ይድረስ ለተከበሩ አባቴ» ብየ ጀመርሁ፤ አስር አለቃ ያሉትን ሁሉ አሳምሬ ጻፍሁ። ልክ አጥፌ ሞርሳው ላይ ላስቀምጥ ስል ትዝ አለኝ።

አባየ ፊደል አያውቁም።

ቢያገኙት ማንን ያስነብቡታል? እኔን! አለቀስሁም ሳቅሁም።

ጥር 24፣ ሰኞ

ነገ ነው።

በግራዝማች ፊት አባየን ላዋርድ? ወይስ ዝም ብየ ላያቸው? እጃቸው ቢጠፋስ... ዓይናቸውስ... እኔ አውቄ። ሌላ ማንም አያውቅም፤ እኔ ነኝ የማውቅ። ዛሬ ሁለት ጊዜ ከአባየ ሥራ ቤት ደጃፍ ደረስሁ። «ምን ፈለግሽ የብርጓል?» ሲሉ «ውኃ ላምጣ ወይ?» አልሁ። አመጣሁ። ጠጡ። ሁለተኛም ውኃ አመጣሁ። «የምን ውኃ ነው ዛሬ?» አሉ።

ጥር 25፣ ማክሰኞ

የዛሬውን ሳልተኛ ልጻፈው።

ግራዝማች አራት ሰዓት ላይ መጡ። ጓሮ ወጣን። አባየ ሽጉጡን ጠርገው አጎረሱት። የት አገኘሁት ያን እግር? ሄድሁ። ከነጠላየ ቀለሁን ፈትቼ በመዳፌ ዘረጋሁላቸው። «አባየ... ይኸን ይዩልኝ» አልሁ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። ግን ቀለሁን ወሰዱት።

«የሐሙሱ ነው?»

«አዎ። አስር አለቃ ታረቀ... ኮንጎ አንድ ሰው ዓይኑንና ጣቱን አጣ አሉ። እንዲህ አሠርቶ። ንገሪያቸው አሉኝ።»

ግራዝማች ሳቁ። «እንግዲህ ጠመንጃም ሴቶች ሊፈርዱበት ነው!» ሎሌዎቹም ሳቁ። አባየ አልሳቁም። ቀለሁን ወደ ፀሐይ አድርገው አዩት። በጥፍራቸው ስንጥቁን ተከተሉት። ረጅም ጊዜ... ጆሯቸው ሲቀላ አየሁ። አዋረድኋቸው አልሁ በሆዴ።

«ጌታየ፣ ዛሬ በእጄ አልተኩስም» አሉ።

ጠፍር አምጥተው ሽጉጡን ከባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። ቃታው ላይ ሲባጎ ቋጠሩ። ሁላችንም ከጓሮው ግንብ ኋላ ሆንን። «በወልድ!» ብለው ሳቡት።

ጮኸ። ምንም አልሆነም።

ግራዝማች እስኪያስላቸው ሳቁ። «አየህ ባምላኩ! ሴት ልጅ ፈርታ ብትነግርህ ሽጉጤን እንደ ፍየል በገመድ አሰርኸው! ፍታውና እንደ ወንድ ተኩሰው። ወይ ስጠኝ፣ እኔ ልተኩስ።»

አባየ ተነሡ። ወደ ጉቶው ሄዱ። ጠፍሩን መፍታት ጀመሩ።

«አይፍቱት!»

ማን እንደጮኸ አላወቅሁም። ሁሉም ወደ እኔ ሲዞር ነው ያወቅሁት። ሮጨ ሄጄ የጠፍሩን ጫፍ ይዣለሁ። «አይፍቱት አባየ! ሁለተኛውንም ተኩሶ ነበር ሰውየው! በሁለተኛው ሁሉ ስቀው ነበር! በማርያም አይፍቱት!»

ግራዝማች «ምን ያለች ናት!» አሉ። አባየ ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ ጠፍሩን መልሰው አጠበቁት።

«ሦስተኛውም እንደታሰረ ይሁን ጌታየ። ምንም ካልሆነ እኔን ይሳቁብኝ።»

ከግንቡ ኋላ ተመለስን። «በመንፈስ ቅዱስ!»

የዚህኛው ድምፅ ሌላ ነበር። ዕቃ እንደተሰበረ ያለ። ጭሱ ሲገፋ ሽጉጡ ከጉቶው ላይ የለም፤ እጀታው ብቻ ተሰንጥቆ ከጠፍሩ ጋር ተንጠልጥሏል። የላይኛው ብረት ከበስተኋላ ባለው ባሕር ዛፍ ተሰክቷል። በሰው ቁመት። አባየ ሄደው ከዛፉ ፊት ቆሙ። ብረቱ ልክ ከጉንጫቸው ትይዩ ነበር።

ግራዝማች ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ቆይተው «ልጄ ድረስ ነበር የሚተኩሰው» አሉ። «ከሙሽራይቱ ደጅ ሲደርስ... በዚያ ሁሉ ሰው መካከል...»

አባየ «ጥፋቱ የኔ ነው ጌታየ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ» አሉ።

«ያስገደድሁህ እኔ ነኝ፣ ተወው።» ተነሡ። በቅሏቸው ላይ ከወጡ በኋላ ዞር አሉ። «ማን ነው የልጅቷ ስም?»

«የብርጓል።»

«ሰርጉ ላይ ሦስታችሁም ኑ። ያ ብረት ባይኖርም ደስ ብሎን እንውላለን።»

ሲሄዱ ሣሩ ላይ ተቀመጥሁ። አለቀስሁ። የሐዘን አልነበረም። ስምንት ቀን ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ነበረ፤ እሱ ነው የወረደ። እማየ መጥታ «ምን ሆንሽ?» አለች። «ምንም አልሆንሁ» አልሁ፤ እውነቴን ነበር።

ጥር 26፣ ረቡዕ

አባየ ሽሮ ሲበሉ ጣታቸውን ስቆጥር ያዙኝ።

«ስንት ሆነ?»

«አሥር።»

«ጎደለ ብየ ነበር።» እማየም ሳቀች። ቆየት ብለው ግን ሌላ ጠየቁኝ። «አስር አለቃ የነገሩሽ መቼ ነው?»

«ማክሰኞ... ያለፈው።»

በልባቸው ቆጠሩት። ሐሙስ በእጃቸው እንደተኮሱ ትዝ ሲላቸው ፊታቸው ላይ አየሁት። ይቆጡኛል አልሁ። አልተቆጡም።

«እኔ ነኝ ያስፈራሁሽ?»

«አይ... እያንጎራጎሩ ነበር።»

ጉርሻቸውን መሶቡ ላይ መለሱት። «ሁለተኛ ሳንጎራጉርም ንገሪኝ፣ ስቆጣም ንገሪኝ። አታሳድሪብኝ።»

የካቲት 6፣ ቅዳሜ

ነገ ሰርጉ ነው። እማየ ቀሚሴን አጠበችልኝ።

ከሰዓት አንድ ሰው ከሉማሜ መጣ። በጨርቅ የጠቀለለው ሽጉጥ አለው፤ እሱም ለአጭሩ ጥይት የተሠራ። ረጅሙን እንዲተኩስ ይሠራልኝ ይላል። አባየ እጃቸውን እየጠረጉ ሰሙትና መልስ ሳይሰጡ ወደ ግቢው ተጣሩ።

«የብርጓል! ነይማ።»

ሄድሁ። ልቤ እንደ ድሮው ይመታል። ግን ሄድሁ።

«ንገሪው» አሉኝ።

«ብረቱ አይችለውም» አልሁ። «ጥይቱ ይገባል። ሁለት ጊዜም ይተኩስ ይሆናል። ከዚያ ግን ይፈነዳል። ለአጭሩ ነው የተሠራ።»

ሰውየው ወደ አባየ ዞረ። «እሷን ማን ጠየቃት?»

«እኔ።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«አይሆንም» አሉ አባየ። ሽጉጡን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉለት። ጆሯቸውም አልቀላም።

ሰውየው ግን አልለቀቀም። «በሌላ ቦታ ይሠሩታል! በመድኃኔዓለም ይሞክሩልኝ!» ይላል። ጨርቁን መልሶ ሊፈታ ሲል እኔ ነኝ የያዝሁት። «አይሞከርም! ከጉንጭዎ ላይ ነው የሚፈነዳብዎ!» አልሁ። ደነገጠ። እኔም ደነገጥሁ።

እማየ ከማጀት ትሰማለች። «ማን ነው እንዲህ የሚጮኸው?»

«የብርጓል ናት» አሉ አባየ።

«የኛዋ?»

«የኛዋ።»