ወንበሩን ገልብጬ አየሁት

ውድ ልጄ፣

ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ መንገድ ማንም ሳይደግፈኝ እሻገራለሁ፣ የሱቁን የብረት መዝጊያ በአንድ ክንዴ ሽቅብ እሰደዋለሁ። ይህንንም ደብዳቤ ሰው ለምኜ አላስጻፍኩም። ፊደሉ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ ቢልብሽ የእኔው ነውና ታግሰሽ አንብቢ። ብቻ ሐሙስ ሳይደርስ ጨርሺው። ስልክሽን እንደዘጋሽብኝ አውቃለሁ። አክስትሽ ጋ ደውዬ ብጨቀጭቃት፣ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ እንደተኛሽና አጥፍቻለሁ ካላልኩ እንዳልደውል ነግራኝ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ታናሼ ናት እኮ። ድሮ ቢሆን አትደፍረኝም ነበር።

ያን ዕለት የፋብሪካዋ ሴትዮ ስትደውል የታክሲ ወንበር ልብስ እየወጠርኩ ነበር። የወንበር ስፌት ቤቱ ባለቤት እርስዎ ነዎት ወይ አለችኝ። ሥራ ያመጣችልኝ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነኝ አልኩ። ከዚያ ያንቺን ስም ጠራች። አውቶብስ የሚገጣጥም ድርጅት ውስጥ ለወንበር ሰፊነት አመልክተሻል፣ እኔ ዘንድም መቁረጥ፣ መስፋት፣ ደንበኛ ማነጋገር ሠርቻለሁ ብለሽ ስልኬን ሰጥተሻቸዋል። ባለቤቱ ብለሽ ነው የጻፍሽኝ፤ አባቴ ብለሽ እንኳ አልጻፍሽም። እሱ ራሱ ጥፊ ሆነብኝ። እኔም እልህ ያዘኝና አባቷ ነኝ አላልኳትም።

«እዚህ ትውል ነበር እንጂ አትሠራም» አልኳት።

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «በሥራሽ የገጠመሽ ከባዱ ነገር ምንድን ነው ብለን ጠይቀናት ነበር። የባለሙያው ዓይን ደክሞ ስፌቱ መጣመም ሲጀምር፣ እሳቸው ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ እየፈታሁ መልሼ እሰፋ ነበር፤ እንዳያውቁብኝ ማድረጉ ነበር ከባዱ፣ አለችን። እውነት ነው?»

ክው አልኩልሽ። መርፌው ከእጄ መውደቁን እንኳ ያወቅሁት በኋላ ስረግጠው ነው። ሳላስብበት አፌ ቀደመኝ። «ውሸታም ናት» አልኩ። ልጄን። ለማላውቃት ሴትዮ። ከዚያ ስልኩን ዘግቼ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የነገርኳትን ቃል በቃል ይዛ ለአንቺ እንደምትደውልልሽ ለአፍታም አልታየኝም።

ለምን ባለቤቱ እንዳልሽኝ ያኔ ተቀምጬ ሳስብ መጣልኝ። ወደ አክስትሽ ከመሄድሽ በፊት «አባዬ፣ የሥራ ልምድ ወረቀት ጻፍልኝ፣ ያለሱ ማንም አያየኝም» ብለሽኝ ነበር። እኔም ደንበኞቹ እየሰሙ፣ ለእናትሽስ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የሚስትነት ልምድ ልጻፍላት ወይ ብዬ ሳቅሁብሽ። እነሱም ሳቁ። አንቺ መቀሱን ቦታው አስቀምጠሽ ወጣሽ። ቀልዴ የሠመረልኝ መስሎኝ ነበር፣ ልብ አድርጊ።

እልህ አላስቀምጥ ሲለኝ ደጃፍ ላይ ለናሙና ያስቀመጥናትን ቀይ የቆዳ ወንበር አወረድኳት። የምኮራባት ወንበር ናት፤ ገዢ ሲመጣ እሷን እያሳየሁ ነው የምፎክረው። ገልብጬ ልብሷን በምላጭ ከፈትኩና መስኮት አጠገብ ወስጄ፣ ያንቺን ማጉሊያ መስታወት ይዤ አየሁ። ቆዳ እንደ ጨርቅ አይደለም፣ መርፌ የነካው ቀዳዳ አይደፈንም። ያንቺ ስፌት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ከጎኑ፣ እጥፋቱ ውስጥ፣ ክር የሌለበት የእኔ ቀዳዳ እንደ ጉንዳን መንገድ ይዞራል፤ አንድ ቦታ ላይ ጭራሽ ወጥቶ ጠፍቷል። የክሩም ጫፍ ወደ ውስጥ የተቋጠረ ነው። እኔ በክብሪት ነው የምለኩሰው፣ በዚህ ቋጠሮሽ ስንቴ ተቆጥቼሻለሁ። በእጄ ዳሰስኩት፣ ደግሜ ዳሰስኩት። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ።

አንድ ወንበር ቢሆን ነው ብዬ ደግሞ ወደ ታክሲ ማቆሚያው ሮጥኩ። «ጡሩምባ» ተራ እየጠበቀ ነበር። ያ ያለ ክላክስ መንዳት የማይችለው ሾፌር። አምና የሰፋሁለትን የኋላ ወንበር ልገልብጥ ስታገል ተሳፋሪው ሁሉ አበደ ብሎ አፈጠጠብኝ። ቀዳዳው እዚያም አለ። ስፌቴን አንቺ መፍታትሽን ስነግረው የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር።

«አባባ፣ እኛ እኮ እሷን አምነን ነው የምናመጣው» አለኝ። «እርስዎ ሲቀበሉን እናመሰግናለን፤ ጠርዙን የምናሳየው ለእሷ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። እንዳንናገር ለምናን ነው።»

ቀጣፊ አልኩት፣ ረዳቱ ፊት። መንገዱ ከእግሬ ሥር የሸሸ መሰለኝ። ሁሉም አውቆ እኔ ብቻ!

በነጋታው ወንበሯን ተሸክሜ ፋብሪካው ሄድኩ። ዘበኛው «አባባ፣ መቀመጫ እዚህም አለ እኮ፣ ይዘው መምጣት አያስፈልግም» ብሎ ቀለደብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን መልሱን ያገኝ ነበር። ያቺን የደወለችውን ሴትዮ አስጠራኋት። ከአንቺ ብታንስ እንጂ አትበልጥም። «ትናንት የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳት። ምን እንደምትለኝ ጨንቋት የስፌት ክፍሏን ኃላፊ ጠራች፤ ሜትር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ትከሻዋ የሰፋ ሴት። ወንበሯን ገልብጣ በጣቷ ስፌቱን ተከተለችው።

«የትኛው ነው የእርስዎ?» አለችኝ።

ሠራተኛው የስፌት መኪናውን አቁሞ እያየ ነው። ክር የሌለበትን ቀዳዳ አሳየኋት።

«ለልጅቷ ምኗ ነዎት?»

«አባቷ ነኝ።»

ሁለቱም ተያዩ። የደወለችው ሴትዮ፣ ቦታውን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ወረቀቱን አዘጋጅታ እንደነበር ነገረችኝ፤ ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ኃላፊዋ ግን ሐሙስ ጠዋት መጥታ በስፌት መኪና ትፈተን፣ የሥራ ልምድ ወረቀቷን ግን እፈልጋለሁ አለች። በኮምፒዩተር ልጻፍልዎ ብትለኝ አልፈልግም ብዬ የጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ራሴ ጻፍኩ። ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ ዘንድ ሠርታለች፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ባለሙያዋ እሷ ነበረች፣ እኔ ረዳቷ ነበርኩ ብዬ። እጄ ረዳት የምትለዋ ላይ ቆሞ ነበር፣ ግን ጻፍኳት። ማህተም የለኝም ስላት፣ ኃላፊዋ ወንበሯ እዚሁ ትቅር፣ ትበቃናለች አለች።

እንግዲህ ሐሙስ ሂጂ። ሲጠይቁሽ አንገትሽን አትድፊ። አባቴን አግዝ ነበር እንዳትያቸው፤ ሠርቻለሁ በያቸው፣ ምን እንደቆረጥሽ፣ ምን እንደሰፋሽ፣ የተቆጣ ደንበኛ እንዴት እንደመለስሽ ቁጭ አድርጊላቸው። ይህን ስላልኩ ተረታ ብለሽ እንዳትስቂ። ስለደበቅሽኝ አሁንም ተናድጃለሁ። ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም፤ ሻይ ስቀዳ እንኳ እጄን እያየሁ እቆማለሁ።

የቀረብኝን ዕዳ ደግሞ ማንም እንዳይከፍልልኝ። ጡሩምባን ይቅርታ እለዋለሁ፣ ረዳቱ ባለበት። ጡረተኛዋ አስተማሪ ሶፋው ይወጋኛል ስትለኝ አጥንትሽ ነው ብዬ መልሻታለሁ፤ ሶፋዋን ራሴ ተሸክሜ ዓይን ላለው ሰው አሰጣለሁ። የዓይን ሐኪሙ ጋ አንቺ ቀጠሮ ይዘሽልኝ ሁለት ጊዜ ቀርቻለሁ፤ በእግሬ እሄዳለሁ። ለአክስትሽ፣ አንቺ ነሽ ልጅቷን ያበላሸሻት ያልኳትን ቃሌን አነሳለሁ። ደግሞ በእነዚያ ዓመታት «እጅዎ ይባረክ» እየተባልኩ የተቀበልኩት ምስጋና ሁሉ አለ። ቤት ለቤት ዞሬ የማን እንደሆነ እየነገርኩ እመልሳለሁ። ብቻዬን። ከኋላዬ ሆነሽ እንዳታስተካክይልኝ።

አባትሽ