በእርጥብ ቫርኒሽ ላይ ስለተጎዘጎዘው ቄጠማ

ለተከበሩ አቶ ሚሊዮን፣
የከተማችን የልማት አዳራሽ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ ጸንቶ፣ ጉልበትዎ ሳይከዳዎ፣ በተለይም እግርዎ ሳይንሸራተት ይህ ደብዳቤ እጅዎ እንዲገባ ምኞቴ ነው። የመጨረሻውን የጨመርኩት ለወግ ያህል አይደለም፤ ወደ ቢሮዎ የሚያስገባው መንገድ በአዳራሹ ወለል ላይ ስለሆነ ነው።

እኔ ከወገዳ ወዲህ ባለችው በዚችው ከተማችን ተወልጄ ያደግሁ፣ በእንጨት ሥራ ቴክኖሎጂ ተመርቄ ሥራ ስጠብቅ የከረምኩ፣ ከጓደኞቼ ጋር ተደራጅቼ የአዳራሹን የወይራ ወለል የፋቅሁ ልዕልት ገብሬ ነኝ። ቢሮዎ ድረስ ደጋግሜ ብመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባልኩ ስለተመለስኩ፣ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ሰሌዳው ቢያንስ ስብሰባ የለበትም።

ጉዳዬ አንድ ነው። የፊታችን ሰኞ ጠዋት የዲሲፕሊን ኮሚቴው ተቀምጦ የአዳራሹን የጽዳት ሠራተኛ እትዬ አዛለችን «ወለሉን በቸልተኝነት አበላሽተዋል» ብሎ ሊያሰናብት ነው። የሚያድሩባት ክፍል የአዳራሹ ስለሆነች፣ ሥራው ከሄደ ቤቱም አብሮ መሄዱ ነው። ወለሉ መበላሸቱን እኔም እመሰክራለሁ። እንዴት እንደተበላሸ ግን፣ በሥራ ብዛት ረስተውት ይሆናልና፣ በቅደም ተከተል ላስታውስዎ።

አንደኛ፤ ስለ ቫርኒሹ። የብርጭቆ ወረቀት ይዘን ተንበርክከን ስንፍቅ፣ ከስንት ዓመት ጭቃና ጥላሸት በታች ያ የወይራው ጅማት ብቅ ሲል ሁላችንም ሥራ አቁመን አየነው። ብዙ ሰው ለሚረግጠው ወለል የማያብለጨልጭ ቫርኒሽ በስሱ ይቀባ፣ አንዱ ቅብ በደንብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበት፣ ብዬ ጽፌልዎት ነበር። እርስዎ «ይብለጭለጭ እንጂ፣ እንግዳ ፊቱን ይይበት!» ብለው ሌላ አዘዙ፤ ወፈር ተደርጎም ባንዴ እንዲቀባ አደረጉ። ዕቃውን ያመጣው ነጋዴው ሀይደር «ጌታው፣ በዚህ በክረምት ብርድ ቶሎ አይደርቅምና እንዳይረገጥ» ቢልዎ፣ «አንተ ሽጥ እንጂ አትስበክ» ማለትዎን እዚያው ቆመን ሰምተናል። ስለ ምርጫዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ በእርግጥም እንግዳው ሁሉ ፊቱን አይቶበታል፣ አንዳንዱም በጣም ቀርቦ።

ሁለተኛ፤ ስለ ቄጠማው። ቫርኒሹ ገና ጣት ሲነካው እየያዘ ሳለ፣ ከዞን እንግዶች እንደሚመጡ ተሰማና የታደሰው አዳራሽ ምርቃት ለማግስቱ ሆነ። «ባዶ ወለል ላይ እንግዳ መቀበል ነውር ነው» ብለው አንድ ሸክም እርጥብ ቄጠማ አስመጡና እትዬ አዛለችን «አንቺ፣ ጎዝጉዢው» አሏቸው። እርሳቸውም በየበዓሉ እንዳደረጉት ጎዘጎዙት። ወጉን የምነቅፍ አይደለሁም። እበት በተለቀለቀ መሬት ላይ ቄጠማ ጌጥ ነው፤ ምሽቱን ያምራል፣ ሲነጋ ይጠረጋል። የእኛው ግን እንግዶቹ ቆመው እያጨበጨቡ ረግጠው ረግጠው ቫርኒሹ ውስጥ አስገቡትና፣ በማግስቱ መጥረጊያ ቢነሳ ቄጠማው አልነሳ አለ። የቅኔ መምህራችን መምህር ገብረ ሕይወት በር ላይ ቆመው አይተው «ይበል፣ አውድማው አምሯል፤ በሬዎቹስ መቼ ይገባሉ?» ማለታቸው ጆሮዎ ደርሶ እንደሆነ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ስለ በረኪናው። የተጣበቀውን ለማስለቀቅ የፈላ ውሃና በረኪና በባልዲ እንዲደፋበት አዘዙ። ሮጬ መጥቼ፣ እንጨት እንደ ሲሚንቶ ውሃ እንደማይደፋበት፣ ቫርኒሹ እስኪጠነክር ቢታገሡን ፍቀን እንደምናነሳው፣ ከዚያ ወዲያም ለጽዳት በደረቅ መወልወያ አቧራውን አንስቶ፣ ለስለስ ያለ ሳሙና በነካው፣ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ማበስ እንደሚበቃ ለመንኩዎት። «ዲግሪውን የያዝሽው ለወለል ነው እንዴ?» ብለው ሳቁብኝ፤ አብረውዎት የነበሩትም አስከትለው ሳቁ። ያን ቀን ስላልመለስኩልዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ አሁን እመልሳለሁ፤ አዎን፣ ለወለል ነው። ውሃው በየስንጥቁ ገብቶ ጣውላው አበጠ፣ ጠርዙ ተነሳ፤ በረኪናው የነካው ቦታም እንደ ለምጽ ነጣ።

አራተኛ፤ ስለ ተቃጠለው ዘይት። ንጣቱ እንዳይታይ ከጋራዥ የተቃጠለ የሞተር ዘይት አስመጥተው፣ በናፍጣ ተቀጥኖ ወለሉ እንዲቀባ አደረጉ። አባቶቻችን ምስጥ እንዳይበላባቸው የአጥር እንጨት ይቀቡበት ነበር፤ አጥር ላይ ግን የሚራመድ ሰው የለም። ይህ ዘይት ወለል ላይ አይደርቅም፤ ሲያሟልጭ፣ ሲሸትና የሰው ልብስ ሲያጠቁር ይኖራል እንጂ። እነሆ ባለፈው እሑድ መምህር ገብረ ሕይወት ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ለሽምግልና ሲገቡ ተንሸራተው ወደቁ። ክንዳቸው ዛሬም ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

በማግስቱ ሰኞ ሲነጋ የእግድ ደብዳቤ ወጣ፤ ለእትዬ አዛለች። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው አይደል? መምህር ይህን ሲሰሙ የተናገሩትን እንዳለ ላድርስዎ፦ «እኔንስ ወለሉ ጣለኝ። እሷን ማን ጣላት?»

እኔም የምጠይቅዎ ይህንኑ ነው። ቫርኒሹን እትዬ አዛለች አልመረጡትም። ምርቃቱንም እርሳቸው አላፋጠኑም። ቄጠማው፣ በረኪናው፣ ዘይቱ፣ ሁሉም በእርስዎ አፍ ታዝዞ በእርሳቸው እጅ ተሠራ፤ ዛሬ እጁ ሲከሰስ አፉ ሰብሳቢ ሆኖ ሊቀመጥ ነው። እትዬ አዛለች ከታገዱ ወዲህ ዕቃቸውን አልፈቱም፣ አላሰሩም፤ በሩን ገርበብ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ማታ ልጠይቃቸው ብገባ «ልዕልቴ፣ እኔ እኮ እሺ ነው ያልኩ» አሉኝ። ሌላ መከላከያ የላቸውም፤ ሰኞም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፣ ሰኞ በኮሚቴው ፊት «ያዘዝኩ እኔ ነኝ» የምትል አጭር ዓረፍተ ነገር እንዲናገሩ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። ቢከብድዎ ሀይደርና ወለሉን የፋቅነው ወጣቶች ሁሉ በር ላይ እንቆማለን፤ በየቀኑ የሰማነውን በየተራ እንናገርልዎታለን፣ እርስዎ አይድከሙ።

ወለሉንም አይዘኑበት። ወይራ እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ዘይቱን ደጋግመን በጨርቅ እናነሳለን፤ ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ነፋስ ጣውላውን ሲያደርቀው ያበጠውን እናስተካክላለን፣ እንፍቃለን፤ አዲሱን ቅብ አስቀድመን ከማይታይ ጥግ ላይ ሞክረን በስሱ እንቀባለን። ያለ ክፍያ እንሠራለን። የምናስቀምጠው ቅድመ ሁኔታ አንዲት ናት፤ የተሠራውን ወለል የሚረከቡን እትዬ አዛለች ይሁኑ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ሳቅዎ፣ ከሁሉም በላይ ዩኒቨርሲቲ ያላስተማረኝን እንጨትን በአራት መንገድ የመግደል ጥበብ በነጻ ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከወንበርዎ ይልቅ ወንበርዎ ስለቆመበት ወለል የምትጨነቅ፣
ታዛዥዎ ለመሆን ገና ያልበቃች፣
ልዕልት ገብሬ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ልለጥፍ ወደ ሰሌዳው ብመጣ፣ ኮሚቴው ገና ሳይቀመጥ የጽዳት ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘሁ። መስፈርቱ «የኃላፊን ትዕዛዝ ያለ ምንም ጥያቄ የምትፈጽም» ይላል። ይህን ከእትዬ አዛለች የበለጠ የሚያሟላ ሰው በአገሩ ስለማላውቅ፣ ማመልከቻቸውን ጽፌ ለጸሐፊዎ ሰጥቻለሁ። ለሥራ ልምዳቸው ማስረጃ ወለሉን እንዲመለከቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።