አባባ የሚተረጉሙት ፊልም

ለምወድህ ወንድሜ ሙንዚር፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? የጅዳ ሙቀት ያንን ራስ ምታት ቀሰቀሰብህ ወይስ ተወህ? ሥራውስ፣ ብቸኝነቱስ እንዴት ይዞሃል? እማማ «ምግቡን በሰዓቱ ይበላል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላለች፤ እንደማትበላ ብታውቅም መልስህን ትጠብቃለች። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እንቢ አለኝ።

የላክኸው ዲሽና ትልቁ ቴሌቪዥን ደርሰው ተተክለዋል፤ አላህ ይስጥህ። ከሰኞ ገበያ በላይ ያለው ሰፈራችን አሁን ጣሪያው ሁሉ ሳህን ነው። ሁሉም በየቤቱ የየራሱን ያያል፤ ቅዳሜ ማታ በራችንን የሚያንኳኳ የለም። እማማ ለእንግዳ የምትዘረጋውን ሰሌን ጠቅልላ ቁም ሳጥኑ ጀርባ አቁማዋለች።

ያንን የቅዳሜ ፊልም ታስታውሳለህ? አንተ ጣሪያ ላይ ወጥተህ አንቴናውን ወደ ጦሳ ተራራ ስታዞር፣ እኔ በር ላይ ቆሜ «መጣ! ኧረ ሄደ! እንደሱ ያዘው!» እያልኩ ስጮህ። ጫማው ደጃፍ ላይ ተከምሮ፣ እስላም ክርስቲያኑ ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ። አባባ ከኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብተው፣ ዒሻ ሰግደው፣ ፊት ለፊት ይቀመጡና ፊልሙን መተርጎም ይጀምራሉ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳያውቁ! ፈረንጁ ሁሉ በሳቸው አፍ ዘመድ ይሆናል፤ ይኼ አጎቱ ነው፣ ያቺ የእንጀራ እናቱ ናት፣ የተጣሉት በአባታቸው መሬት ነው። ጎረቤታችን ጋሽ ደጉ ከጎናቸው ሆነው «የለም ሙሄዲን፣ አማቹ ነው እንጂ አጎቱ አይደለም» ይላሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሲከራከሩበት ይሰነብታሉ። አንተ እንግሊዝኛ ተምረህ እውነተኛውን ታሪክ ብትነግራቸው ሰፈሩ በሙሉ «ያንተ ይቅርብን፣ የሙሄዲን ይሻላል» ብሎ አሳፈረህ። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ያስቀኛል።

የአባባ ዓይን በስኳሩ ከጠፋ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገላበጠ። ጎረቤቱ ሲቀር ጋሽ ደጉ ብቻ አልቀሩም፤ ቅዳሜ ማታ ከዘራቸውን እያንኳኩ መጥተው የሚያዩትን ለአባባ ይነግሯቸው ነበር። አባባም ሳያዩ «የለም ደጉ፣ አጎቱ ነው» ይሏቸዋል።

ወንድሜ፣ አሁን ተቀምጠህ አንብብ። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ። ስልኩ ግን ያለው አባባ ራስጌ ነው፤ ሌላ መንገድ አጣሁ። ጋሽ ደጉ ሞተዋል። መስከረም መጨረሻ ላይ፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ አባባ በእግራቸው ቁስል ሐኪም ቤት ተኝተው ሳለ ነው። አብሽር፤ እንደ ወግ ማዕረጋቸው ተቀብረዋል፣ እኛም ከለቅሶው አልጎደልንም።

አጎታችን አብዱልወሀብና ሽማግሌዎቹ መክረው፣ አባባ ሲደነግጡ ይወድቁብናል፣ ትልቁ ልጃቸው አጠገባቸው ሳይኖር መርዶውን አይረዱም ብለው ወሰኑ። አንተም ለዐረፋ እመጣለሁ ብለህ ነበርና መጥተህ ትሰማዋለህ ተባለ። ለአባባ፣ ጋሽ ደጉ ልጃቸው ጽናት ዘንድ አዲስ አበባ ሄደዋል አልናቸው። ዐረፋ አለፈ፤ አሠሪህ ፓስፖርትህን አልሰጥም ስላለ አልመጣህም። ውሸቱ ቤታችን ውስጥ እንደተቀመጠ ቀረ።

እትዬ ፀሐይነሽም ባላቸው ከሞቱ ወዲህ መምጣት አቁመዋል። ጥቁር ለብሰው ቢመጡ አባባ አያዩም፤ ድምፃቸው ግን በለቅሶ ተዘግቶ ስለቀረ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ይታወቅባቸዋል። አባባ አንዴ «ፀሐይነሽስ ምነው ጠፋች?» ብለው ጠየቁ። እማማ ጉንፋን ይዟት ነው አለቻቸው። ዳግመኛ አልጠየቁም።

ያለፈው ቅዳሜ «ቢልቂስ፣ ፊልም ክፈችልኝ» አሉኝ። ጋሽ ደጉ ከቀሩ ወዲህ ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው ነው። ሰርግ ያለበት የሚያስቅ ፊልም አገኘሁና አጠገባቸው ተቀምጬ ሙሽራው እየጨፈረ ነው፣ አማቱ ኬኩ ላይ ወደቀች እያልኩ ነገርኳቸው። ትንሽ ሰምተው እጄን ያዙኝ።

«የለም» አሉኝ። «አልገባሽም። ያ ጥግ የተቀመጠው ሽማግሌ አለ አይደል፣ እሱ ጓደኛው ሞቶበታል። ቤተሰቡ ደብቀውታል። እሱም መደበቃቸውን ያውቃል፤ ጓደኛው ሳይሰናበተው አገር የሚለቅ ሰው አልነበረማ። ግን መርዶ ካልተረዳ እንዴት ብሎ ያልቅስ? እነሱ ስለ እሱ ይፈራሉ፣ እሱ ስለ እነሱ ዝም ይላል።»

ወላሂ ሙንዚር፣ ጥግ የተቀመጠ ሽማግሌ አልነበረም። ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ሙዚቃው ይጮሃል። ዱሮ ጎረቤቱ እንደሚጠይቃቸው «ከዚያስ አባባ?» አልኳቸው።

«ከዚያማ እንጃ» አሉ። «ልጁ ገና አልመጣም።»

ለአጎቴ ይህን ብነግረው «ይወቁም አይወቁም፣ መርዶ ያለ ወጉ አይነገርም» አለኝ። ስለዚህ ተደብቄ ነው የምጽፍልህ። ከቻልክ እግራቸውም ሌላ ጣጣ ሳያመጣ ቶሎ ና። ካልቻልክ ለአጎቴ ደውለህ «አትጠብቁኝ፣ ንገሩልኝ» በለው፤ ትልቁ ልጅ ከፈቀደ እንቢ ማለት አይችልም። ለአባባ የቀራቸው ማየት የማያስፈልገው ለቅሶ ብቻ ነው፤ እሱን እንኳ ከለከልናቸው።

እማማ መዲና ጉንጭህን ስማሃለች፣ ዱዓ ላይ ናት። አጎቴ ሰላም ብሎሃል። እትዬ ፀሐይነሽም በአጥር በኩል አግኝቻቸው ሰላም በይልኝ ብለውኛል። አባባ በጣም ናፍቀውሃል። ደብዳቤ ልጽፍልህ መሆኑን ሲሰሙ ጠርተውኝ «ደጉም ሰላም ብሎሃል ብለሽ ጻፊ» አሉኝ። እንዳሉኝ ጽፌያለሁ።

እህትህ ቢልቂስ ሙሄዲን
ደሴ፣ መጋቢት 4 ቀን 1998 ዓ.ም.